ባለ ሐዲድ የገንዳ ክዳን ራሴ ልገጥም ነው፤ ከመብሳቴ በፊት የምታውቁትን ንገሩኝ

ጠዋት ዋናተኛ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ገንዳዬ 5 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ኮንክሪት ነው፣ አራት ማዕዘን ነው፣ ዙሪያው የጠርዝ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ትንሿ ልጄ መራመድ ከጀመረች ወዲህ በሰላም ተኝቼ አላውቅም። እስካሁን የምጠቀመው ያንን አረፋ አረፋ ያለውን ተንሳፋፊ ፕላስቲክ ነበር። ሙቀት ይይዛል፣ እሱ እውነት ነው። ልጅ ከረገጠው ግን አብሮ ይሰምጣል፣ ከዚያ ደግሞ መልሶ ከላይ ይሸፍነውና ማንም አያየውም። ስለዚህ በሁለት የአሉሚኒየም ሐዲድ ውስጥ የሚሄደውንና በሞተር የሚጠቀለለውን ሸራ ገዛሁ። ሐዲዱ ወለሉ ላይ የሚታሰር ዓይነት ነው፤ ድንጋይ መቁረጥ አያስፈልገውም። ሞተሩና መጠቅለያው በርሜል በገንዳው አንድ ጫፍ፣ አግዳሚ ወንበር በሚመስል ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ።

እንጨት ሥራም ብረት ሥራም እሞክራለሁ፣ መሣሪያም አለኝ። መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ግን "ሐዲዶቹን ትይዩ አድርገው ያስሩ" ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ ለኔ ከባዱ እሱ ይመስለኛል። ራሳችሁ የገጠማችሁም፣ አስገጥማችሁ የተበላሸባችሁም፣ እባካችሁ ከየት ልጀምር?

ውሃ ልክ

ወንድሜ፣ ከባዱን ቦታ ራስህ አግኝተኸዋል። ይህን ሥራ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ተበላሸ ተብዬ ከተጠራሁባቸው ክዳኖች ውስጥ የአብዛኞቹ ሞተር ደህና ነበር፣ ሸራቸውም ደህና ነበር፣ ሸራውን የሚጎትተው ገመዳቸውም። የተበላሸው ልኬቱ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

ድሪሉን ለጊዜው ከሳጥኑ አታውጣው። የሚያስፈልግህ ረጅም ሜትር፣ ሲባጎ፣ ጠመኔና የሜትሩን ሌላ ጫፍ የሚይዝልህ ሰው ነው። መጀመሪያ ገንዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም ሰያፍ ለካ። 5 በ10 የሆነ ገንዳ ማዕዘኑ ልክ ከሆነ ሁለቱም ሰያፎች 11 ሜትር ከ18 ሳንቲም ይሆናሉ። ከዚያ በረጅሙ ጎን ሲባጎ ወጥረህ ጠርዙ ከሲባጎው ምን ያህል እንደሚርቅ በየሜትሩ ጻፍ። ያገኘኸውን ቁጥር እዚህ አምጣው።

ጠዋት ዋናተኛ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁት። አንዱ ሰያፍ 11.20፣ ሌላው 11.16 ወጣ። በግራ በኩል ያለው ረጅም ጎን ደግሞ መሃሉ ላይ 1.5 ሳንቲም ወደ ውጭ ያበጠ ነው። አምስት ዓመት ስዋኝበት አንድም ቀን በዓይኔ አልታየኝም። እኔ ከጠርዙ እኩል 10 ሳንቲም እየራቅኩ በየሜትሩ ምልክት አድርጌ ሐዲዱን ላስር ነበር ያሰብኩት።

ውሃ ልክ

እንኳን አላሰርከው። እንደዚያ ብታስረው ሐዲዱ የጠርዙን እብጠት ተከትሎ ይታጠፍ ነበር፣ ሸራው ደግሞ ወርዱ አንድ ነው፣ መሃል ላይ ሲደርስ ተወጥሮ ይነክሳል። ሐዲድ የገንዳውን ጠርዝ አይከተልም። ሐዲድ የሚከተለው ሌላኛውን ሐዲድ ብቻ ነው። ጠርዙ አንድ ቦታ 10 ሳንቲም ሌላ ቦታ 8 ተኩል ቢርቅ ማንም አያየውም፣ ሸራውም ግድ የለውም።

የሰያፉ 4 ሳንቲም ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ። በእንዲህ ያለ ርዝመትና ወርድ አንዱ ረጅም ጎን ከሌላው 2 ሳንቲም ያህል ወደፊት ቀድሟል ማለት ነው። የገንዳውን ጥግ ይዘህ ብትጀምር ሐዲዶችህ ትይዩ ሆነው እንኳ እኩል አይጀምሩም፤ በርሜሉም ለሐዲዱ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ሸራው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ይሄዳል።

ስለዚህ የራስህን አራት ማዕዘን በሲባጎ ሥራ። አንዱን ረጅም መስመር ዘርጋ፣ እሱን ዋና አድርገው። ከዚያ ማዕዘኑን በ3፣ 4፣ 5 አውጣው፤ በአንዱ መስመር 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት አድርግና በመካከላቸው ልክ 5 ሜትር እስኪሆን ሁለተኛውን መስመር አንቀሳቅስ። ትንሿ ስኳድራ ለዚህ አትሆንም። በ30 ሳንቲም ላይ የሳትከው አንድ ሚሊ ሜትር 10 ሜትር ስትደርስ ከ3 ሳንቲም በላይ ነው። አራቱም ማዕዘን ሲያልቅ ሰያፎቹን እንደገና ለካ። ልዩነቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውስጥ እስኪገባ ድረስ ጠመኔ አታሳርፍ።

ሞረድ

ጋሼ ውሃ ልክ ያሉትን ያለመስማት ምን እንደሚያስከትል እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም የኔ ታሪክ ነው። ጓሮዬ ላይ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ልጨርስ ብዬ ጀመርኩ። ሐዲዱን በጠርዙ ልክ አሰርኩት። ሸራው ሦስት ወር ሠራ። ከዚያ መሃል አካባቢ ሲደርስ ሞተሩ ድምፁ ይከብድ ጀመር። እኔ ሐዲዱ ደረቀ ብዬ ቅባት ቀባሁት። ቅባቱ አሸዋና አቧራ ሰበሰበ፣ ያ ደግሞ የሸራውን ጠርዝ እንደ ብርጭቆ ወረቀት በላው። በመጨረሻ የጠርዙ ስፌት 2 ሜትር ያህል ተተረተረ። እባካችሁ ሐዲድ ውስጥ ዘይትም ግሪስም አታስገቡ። ሐዲድ የሚፈልገው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ በጎማ በደንብ ማጠብ።

ሌላው ስህተቴ ከተቆረጠ አሉሚኒየም ጋር የተያያዘ ነው። ሐዲዱ ረዝሞብኝ በብረት መጋዝ ቆርጬ፣ የተቆረጠውን አፍ ሳልሞርድ ነበር የገጠምኩት። የመጋዝ ጥርስ የተወው ስለት ገመዱን ቀስ በቀስ ላጠው። አሁን እያንዳንዱን አፍ እሞርዳለሁ፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ ከዚያ አሮጌ ናይለን ካልሲ በእንጨት ላይ ጠምጥሜ በሐዲዱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር እጎትታለሁ። ካልሲው የያዘበት ቦታ ሁሉ ሸራውንም ይይዘዋል። ሁለት ሐዲድ የሚገናኝበት ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጎትቱት።

ኮረንቲ

ስለ ሐዲዱ ጋሼ ይበልጡኛል፤ ስለ ኤሌክትሪኩ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጠዋት ዋናተኛ፣ ሐዲዱንም በርሜሉንም ራስህ ግጠም፣ አልቃወምም። ሞተሩን ግን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ያገናኝልህ። እርጥብ ገላ፣ ባዶ እግርና ብረት አንድ ቦታ የሚገናኙበት ሥራ ነው።

ሰዎች ሁለት ነገር ያምታታሉ። አንደኛው የሞተሩ የመሬት መስመር ነው። ሁለተኛው ደግሞ በገንዳው ዙሪያ ያለውን ብረት ሁሉ በመዳብ ሽቦ እርስ በርስ ማገናኘት ነው፤ ሐዲዱ፣ የመሰላሉ መቀመጫ፣ የኮንክሪቱ ውስጥ ብረት፣ የሞተሩ ቤት፣ ሁሉም። ሁለተኛው ለምን ያስፈልጋል? አንድ እጅህ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሌላው ሐዲዱን ሲነካ በሁለቱ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት እንዳይኖር ነው። ልዩነት ከሌለ በሰውነትህ የሚያልፍ ነገር የለም። የአሜሪካ ደንብ ከገንዳው 1.5 ሜትር ውስጥ ያለ ቋሚ ብረት እንዲህ እንዲገናኝ ያዛል። ብዙ አገሮች የሚከተሉት ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደንብ፣ አይ ኢ ሲ 60364 ክፍል 702 ደግሞ ከጠርዙ እስከ 2 ሜትር ያለውን ቀጣና 1፣ ከዚያ የሚቀጥለውን 1.5 ሜትር ቀጣና 2 ብሎ ይከፍለዋል፤ በቀጣና 1 ተራ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ አይገባም። መስመሩ ላይ 30 ሚሊ አምፒር ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ይኑር፣ በየወሩም የመሞከሪያ ቁልፉን ተጫነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከመብሳትህ በፊት። የገንዳው መብራት ሽቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ ታውቃለህ? የውሃ ቧንቧዎቹስ? ሐዲድህ ከጠርዙ 10 ሳንቲም ላይ ከሆነ በዚያው መስመር ስር ሊኖሩ ይችላሉ።

ጠዋት ዋናተኛ

ወንድሜ ኮረንቲ፣ ተቀብዬሃለሁ። ሽቦ አልነካም። የመብራቱን መስመር ገንዳው ሲሠራ ባነሳሁት ፎቶ ላይ አገኘሁት፤ በቀኝ በኩል ከመሰላሉ አጠገብ ያልፋል። እዚያ ጋ ሁለት ቀዳዳ አዛውሬያለሁ። ባትጠይቀኝ ኖሮ በላዩ ላይ ነበር የምበሳው። ከልብ አመሰግናለሁ።

የመንታ እናት

ክሩን ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። ጥያቄዬ ስለ አገጣጠሙ አይደለም። ሁለት የሦስት ዓመት ልጆች አሉኝ። ይህ ክዳን ካለ አጥር አያስፈልግም ማለት ነው? እውነቱን ንገሩኝ፣ እንዳታባብሉኝ።

ውሃ ልክ

እህቴ፣ እውነቱ ይህ ነው። ይህ ዓይነት ክዳን በትክክል ሲገጠም ሰው ይሸከማል። ኤ ኤስ ቲ ኤም ኤፍ 1346 የሚባለው የአሜሪካ የገንዳ ክዳን ደህንነት መለኪያ ወርዱ ከ2.4 ሜትር በላይ በሆነ ገንዳ ላይ ክዳኑ 220 ኪሎ እንዲችል ይጠይቃል፤ የሁለት ትልልቅ ሰዎችና የአንድ ልጅ ክብደት ተብሎ የተሰላ ነው። በጠርዙ በኩል ልጅ ሾልኮ የሚገባበት ክፍተት እንዳይኖርም ይፈተናል። የዝናብ ውሃውም ከላዩ መወገድ አለበት፤ ጥቂት ሳንቲም ውሃ ለሕፃን ይበቃል። የሚገዙት ክዳን ይህ ምልክት እንዳለው ይመልከቱ።

ግን ይህ ሁሉ ክዳኑ ሲዘጋ ነው። ሰው ረስቶ ክፍት ሲተወው ክዳን የለም ማለት ነው። አጥሩን አያፍርሱት። ቁልፉ ተጭነው ሲይዙት ብቻ የሚሠራ፣ ሲለቁት የሚቆም ይሁን። ቦታውም ገንዳው ከዳር እስከ ዳር ከሚታይበት ላይ ይሁን፤ ሸራው እስኪዘጋ ድረስ ዓይንዎ ውሃው ላይ ይቆያል። ከቤት ውስጥ ሆኖ በሪሞት መዝጋትን እኔ አልደግፍም።

የመንታ እናት

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። አጥሩ ይቆያል።

ጥልቅ ውሃ

ላቋርጣችሁና፣ ይህን ሁሉ ድካም ለክዳን ብቻ ነው? እኔ ጥቂት ውሃ ቢተን ምን ይለኛል ብዬ ነው ክዳን ሳላደርግ የቆየሁት።

ሞረድ

የሚሄደው ውሃው ብቻ አይደለም፣ ሙቀቱም ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት ከ570 ሊትር በላይ ውሃን በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ይበቃል። የሚሞቅ ገንዳ ሙቀቱን የሚያጣው ከሁሉም በላይ በትነት ነው። ክዳኑ የሚያቆመው እሱን ነው። ክሎሪንም ፀሐይ ስለማትበላው ይቆያል። ብቻ ብዙ ክሎሪን በአንዴ ከጨመርክ ቁጥሩ እስኪወርድ ክዳኑን ክፍት ተወው። ታፍኖ የሚቀረው ጋዝ ሸራውንም ብረቱንም ይበላል።

ጠዋት ዋናተኛ

ከ12 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሐዲዶቹ ታስረዋል። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልጻፍ፤ ሌላ ሰው ይጠቀምበታል።

የሲባጎው አራት ማዕዘን ሙሉ ቀን ወሰደብኝ። ሰያፎቹ በ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተገናኙ። መጀመሪያ ዋናውን ሐዲድ አሰርኩ። የጠርዝ ድንጋዩን ስበሳ የድሪሉን መዶሻ አጠፋሁት፤ ወንድሜ በሠራበት ቦታ መዶሻው ድንጋዩን ከጫፉ ሲገነጥል አይቻለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ፑንታም ይበላል፣ ድንጋዩ ግን አልተሰነጠቀም። ከድንጋዩ ስር ኮንክሪቱ ጋ ስደርስ ነው መዶሻውን የመለስኩት። ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልዬ የጥልቀት ምልክት አደረግኩ። ቀዳዳውን በሙሉ ዱቄቱን በጎማ እየነፋሁ፣ በብሩሽ እየፈተግኩ፣ እንደገና እየነፋሁ አጸዳሁ። ዱቄት ውስጥ የገባ ፊሸር ዱቄቱን ነው የሚይዘው፣ ኮንክሪቱን አይደለም።

ቡሎኖቹ 316 የተባለው ስቴንለስ ናቸው። በየራሳቸው ስር የናይለን ሮንዴላ አስገባሁ፣ ስቴንለሱ አሉሚኒየሙን በቀጥታ እንዳይነካ። ውሃዬ ጨው ያለበት ነው፣ ሁለቱ ብረቶች በጨው ውሃ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ እየነጣ ይበላል።

ሁለተኛውን ሐዲድ ሳስር ግን ስህተት ሠራሁ። በሁለቱ ጫፍና በመሃል ለክቼ ልክ ነው ብዬ አሰርኩት። ሁሉንም ካጠበቅኩ በኋላ የሸራውን መሪ ዘንግ (የሸራው ፊት የሚታሰርበትን፣ ጫፎቹ በሁለቱ ሐዲድ ውስጥ የሚሄዱትን አግዳሚ) አስገብቼ በእጄ ገፋሁት። 7ኛው ሜትር ላይ ነከሰ። በየሜትሩ ስለካ እዚያ ቦታ ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል። ድንጋዩ ውስጥ ጠጠር ነበር መሰለኝ፣ ፑንታው ሸሽቶ ቀዳዳው ወደ ጎን ሄደ፤ እኔ ደግሞ ቡሎኑን ሳጠብቅ ሐዲዱን ወደዚያው ጎተትኩት። አራት ቡሎን ፈትቼ አውጥቼ አሁን ቆሜያለሁ። ቀዳዳውን እንዴት ላርመው?

ውሃ ልክ

ከአሮጌው ቀዳዳ 9 ሚሊ ሜትር ርቀህ አዲስ ለመብሳት እንዳትሞክር። ፑንታው ተንሸራቶ አሮጌው ውስጥ ይገባል። አሮጌውን በኢፖክሲ ሙላውና ተወው። ሐዲዱ ላይ ከዚያ 8 ወይም 10 ሳንቲም ርቀህ አዲስ ቀዳዳ አውጣ፣ በዚያ በኩል ድንጋዩን ብሳ። ጠጠሩን ለማለፍ በቀጭን ፑንታ ጀምረህ በወፍራሙ ጨርስ።

ቀድሜ ልነግርህ የሚገባኝን አሁን ልንገርህ፣ ጥፋቱ የኔም ነው። ሁለተኛው ሐዲድ በሜትር አይታሰርም። ዋናው ሐዲድ ከታሰረ በኋላ ሁለተኛውን ሁሉንም ቡሎን አስገብተህ ግን ሳታጠብቅ ትተዋለህ። ከዚያ መሪ ዘንጉን በሁለቱም ሐዲድ ውስጥ አድርገህ ከአንድ ጫፍ ትገፋለህ። ዘንጉ የቆመበትን ቦታ ብቻ ታጠብቃለህ። ሃምሳ ሳንቲም ትገፋለህ፣ እንደገና ታጠብቃለህ። ሸራህን የሚጎትተው ያ ዘንግ ስለሆነ ከሱ የተሻለ መለኪያ የለም።

በመጨረሻም የሐዲዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ቦታ ተው። አሉሚኒየም በሙቀት ይረዝማል፤ 10 ሜትር ሐዲድ በሌሊትና በቀትር መካከል 40 ዲግሪ ቢለዋወጥበት 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። በሁለቱም በኩል ግድግዳ ከነካ መሃሉ ይቆለመማል።

ጠዋት ዋናተኛ

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ዘንጉ አሁን በአንድ ጣት ይገፋል። ከዳር እስከ ዳር! ባለቤቴ ራሷ ገፍታ አየችው።

ሸራው ደግሞ ወደ 35 ኪሎ ይሆናል። ብቻዬን አልሞከርኩትም። አራት ሰው ሆነን ተሸከምነው። ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍን፣ ኮንክሪት ላይ አንድ ጊዜ ቢጎተት ይፋቃል። ጠርዙን ሐዲዱ ውስጥ ስናስገባ ትንሽ የሳሙና ውሃ ረዳን። ገመዶቹን ሐዲዱ ውስጥ ባለው የመመለሻ ቦይ ያሳለፍኩት በኤሌክትሪሺያን ሽቦ መሳቢያ ነው። ጫፋቸውን በእሳት አቅልጬ አጠንክሬያቸዋለሁ። ከዚያ በሩቁ ጫፍ ባለው ፑሊ አዙሬ መሪ ዘንጉ ጋ አሰርኩ።

ዛሬ ኤሌክትሪሺያኑ ጨርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጋነው። ተዘጋ! ግን ቀኙ ጎን ቀድሞ ደረሰ፣ ግራው 12 ሳንቲም ኋላ ቀረ። ሲከፈትም ግራው ዘግይቶ ይመጣል። ሐዲዱ ትይዩ ነው፣ ዘንጉም ነጻ ነው። ምን ይሆን?

ሞረድ

የገመዱን ትርፍ አልቆረጥከውም አይደል? በል አልቆረጥኩም በለኝ።

ጠዋት ዋናተኛ

አልቆረጥኩም። ግማሽ ሜትር ያህል ተርፏል።

ውሃ ልክ

ጎበዝ። እንግዲህ መዝጋትና መክፈትን ለየብቻ እያቸው፣ የሚጎትቷቸው የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። ሲዘጋ ሸራውን የሚጎትቱት ሁለቱ ገመዶች ናቸው። ሲከፈት የሚጎትተው በርሜሉ ነው።

ሲዘጋ ተመልከት። ግራው ገና ሲነሳ ጀምሮ በ12 ሳንቲም ኋላ ከሆነና እስከ መጨረሻው ያው 12 ከሆነ የግራው ገመድ ረዝሟል። ያንን ጎን በ12 ሳንቲም አሳጥረው፣ ያልቃል። እየሄደ እየሄደ የሚጨምር ከሆነ ግን ርዝመቱ አይደለም፤ ወይ ገመዱ በመጠምጠሚያው ላይ ተደራርቦ እየተጠቀለለ ነው፣ ወይ በዚያ በኩል ሐዲዱ ውስጥ የሚይዘው ነገር አለ።

ሲከፈት ደግሞ በርሜሉ ላይ ሸራው በሁለቱም ጫፍ እኩል ውፍረት ይዞ መጠቅለል አለበት። ከበርሜሉ መሃል እስከ ጥቅሉ ላይ ባለው ውፍረት የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት በአንድ ዙር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በርሜልህ 20 ጊዜ ከዞረ 12 ሳንቲም ተኩል ማለት ነው። ኋላ በሚቀረው ጎን በርሜሉ ላይ የተረፈ ሸራ ቀጭን አድርገህ ጠቅልል፣ ያ ጎን ወፍሮ በየዙሩ ትንሽ የበለጠ ይጎትታል። በአንዴ ብዙ አትጨምር፤ አንድ ንብርብር አድርግና ከፍተህ ዘግተህ እይ።

ጠዋት ዋናተኛ

ሲዘጋ ከመነሻው እኩል 12 ሳንቲም ነበር። ገመዱን አሳጠርኩት፣ አሁን 5 ሚሊ ሜትር እንኳ አይለያዩም። ሲከፈት 4 ሳንቲም ቀርቶ ነበር፤ አንድ ንብርብር ሸራ ስጨምር እኩል ሆነ። የተሰማኝን ደስታ መግለጽ አልችልም። ትናንት ማታ ዘግቼው ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ተኛሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አልነቃሁም።

ጥልቅ ውሃ

ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ፣ እኔንም ሐሳቤን አስለወጥከኝ። አንድ ነገር ብቻ ጋሼ። ክዳኑ ያን ሁሉ ክብደት የሚችለው ሐዲዱ ጠንካራ ስለሆነ ነው? ለጥገና ውሃውን በግማሽ ዝቅ ላደርግ አስቤ ነበር፣ ክዳኑን ዘግቼ።

ውሃ ልክ

አይ! ያንን በፍጹም እንዳታደርግ። ክብደቱን የሚሸከመው ከስሩ ያለው ውሃ ነው። ሸራው ውሃው ላይ ይተኛል፣ ሐዲዱ ጠርዙን ይይዛል። ውሃው ዝቅ ካለ ሸራው አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ሸክሙ ሁሉ ወደ ሐዲዱ ይሄዳል፣ ቡሎን ይነቅላል። በዚያ ላይ ዝናብ አስብ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ50 ካሬ ሜትር ላይ 50 ሊትር ነው፣ ማለት 50 ኪሎ። 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ አንድ ቶን ከላይ ተቀምጧል። ለዚህ ነው የክዳን ፓምፕ ከዝናቡ በፊት ሸራው ላይ ሸራው በጣም በሚረግብበት ቦታ የሚቀመጠው። ውሃ እያለበትም ሞተሩን አታስነሳ፤ መጀመሪያ ፓምፑ ያውጣው።

ሞረድ

ለሚጨምር ካለ፣ ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ የምታስቀምጡ ከሆነ ማፍሰሻ ትቦውን ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ፈትኑት። የጎማ ውሃ ለሩብ ሰዓት ልቀቁበት። ውሃው ከቆመ ሞተሩም አንድ ቀን በውሃ ይዋጣል። የጎረቤቴ ሞተር የሞተው በቅጠል በተደፈነ ትቦ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ጥልቅ ውሃ

እሺ፣ ጀምሬያለሁ። የኔ ገንዳ አራት ማዕዘን አይደለም፣ አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። መሰላሉም ወደ ወለሉ ይወጣል። ሰያፎቹ በ6 ሳንቲም ይለያያሉ። ተስፋ አለው?

ውሃ ልክ

መሰላሉን ከላይ የሚወጣውን ቁረጠው ወይም የሚነቀል አድርገው፣ ሸራው ሲያልፍ መንገዱ ላይ ምንም መቆም የለበትም። የታጠፈው ጎን ችግር የለውም፣ ሐዲዱ በቀጥታ ወለሉ ላይ ያልፋል፣ ሸራው ትርፍ ወለል ይሸፍናል። ብቻ በዚያ ጎን ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ሐዲድ የሚችል ጠንካራ ኮንክሪት መሆኑን አረጋግጥ። 6 ሳንቲሙን እርሳው። የገንዳው ነው። ቅዳሜ ሜትር የሚይዝልህ ሰው ይዘህ ሲባጎህን ዘርጋና የሲባጎውን ሰያፍ አምጣልኝ።